ከእጅ ወደ እጅ

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ላይ የከተማው ሰውና ሐበሻው ስደተኛ በውሃ ተጣልተው ደም ፈሰሰ። አስፋው የሚባል ስደተኛ ፊልም አንሺ፣ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ አጭር ፊልም ሊሠራ ካሜራ ተዋሰ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሐበሻ የሞተ ልጇን ታቅፋ ሙሾ ታወርዳለች። አንዲት ሱዳናዊት ሬሳውን ተቀብላ በዐረብኛ ታዜማለች። የሱዳኑ ዑድና የሐበሻው መሰንቆ አብረው ያጅባሉ።

ለሱዳናዊቷ ዘኪያ ተመረጠች። የሠርግ ዘፋኝ ናት፤ ድንበሩ ላይ ባለችው ገላባት ስላደገች አማርኛ ታውቃለች። ለሐበሻዋ ደግሞ ሣህሊቱ። ጎንደር ሳለች ስመ ጥር ሙሾ አውራጅ ነበረች። በስደተኛው ሰፈር ግን ሙያዋን የሚሻ አልነበረም። ለማልቀስ ጉልበት ያለው ሰው ስለጠፋ፣ ሙታን በየማለዳው ያለ ሙሾ ይቀበሩ ነበር።

ለልምምድ በሬሳው ፈንታ ገለባ በነጠላ ጠቀለሉ። ሣህሊቱ ሙሾዋን ለብ ለብ ታደርግና ጥቅልሉን ለዘኪያ አቀብላ ወደ ድንኳኗ ትሮጣለች።

"ልጄ ታማብኛለች፣ ልሂድ።"

አስፋው ተናደደ። "ልቧ እዚህ የለም!"

የቀረጻው ቀን አርፍዳ መጣች። ጥቅልሉን ራሷ አዘጋጅታ ታቅፋዋለች።

"ዛሬስ አልቸኩልም" አለች።

ካሜራው ተነሣ። ሣህሊቱ አወረደችው፦

አገሬን ተውኩልሽ ላተርፍሽ ብዬ፣
ባዶ ክንዴን ልቅር ሰው አገር ጥዬ።

ሊያዩ የመጡት የከተማ ሴቶች ቃሉን ሳያውቁት አለቀሱ። ዘኪያ እጆቿን ዘረጋች። ሣህሊቱ ግን ወደ ኋላ ሸሸች።

"ስጫት እንጂ!" ጮኸ አስፋው። "ፊልሙ እኮ ይኸው ነው!"

ደገሙት። አሁንም ሸሸች። ከተመልካቹ መሐል ማጉረምረም ተነሣ፤ ሐበሻዋ የሱዳን እጅ ተጸየፈች ተባለ። መሰንቆ መቺው አፍሮ አቀረቀረ።

ዘኪያ ወደ ሣህሊቱ ተጠጋች። "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እጄ ጠቁሮብሽ ነው? ወይስ እስላም ስለሆንሁ?"

"አይደለም እቴ" አለች ሣህሊቱ። "ጥቂት ልያዛት ብዬ ነው።"

"ፀሐይ ልትጠልቅብን ነው!" አለ አስፋው። "ሰው በቀለሙ የምትጠላ ሴት ይዤ ነው ለካ አንድነት የምሰብከው!"

ሣህሊቱ ጥቅልሉን ሳመችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ዘረጋችው።

ገለባ የለመዱት የዘኪያ እጆች ሲቀበሏት፣ ክብደቷ ወደ መሬት ጎተታቸው።