ከዶሮው ክፍል ወደ ቢሮ

ትርሲት ለሥራ ብላ ከዳላስ ወደ አንዲት ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። በከተማዋ የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ የደረሳት ሥራ፣ ተንጠልጥለው ከሚያልፉ ዶሮዎች ሆድ ውስጥ ሞቅ ያለውን አንጀት በእጇ መጎልጎል ነው። ሽታው ፀጉሯም፣ ትራሷም፣ የምትበላው ዳቦም ላይ ሳይቀር ነበር። የከተማው ሰው ግን ያንኑ ዶሮ ጠብሶ እየበላ፣ "የሚሸተው እንጀራችን ነው" እያለ ይስቃል።

አንድ ቀን የአንዱ ዶሮ ሐሞት ፈነዳና ፊቷ ላይ ተረጨ። እዚያው አስመለሳት። ጓንቷን አውልቃ ወደ አለቃዋ ወደ ሚስ ዶሪን ቢሮ ገባችና፣ "በቃኝ፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ" አለቻት።

ዶሪን አልተቆጣችም።

"አማርኛ ትችያለሽ አይደል? ለሥራ የሚያመለክቱ ያገርሽን ልጆች በስልክ የሚያናግርልን ሰው እንፈልጋለን። እዚሁ ቢሮ ትቀመጫለሽ።"

ቢሮው ሳሙና ሳሙና ይላል። ትርሲት እጇን ደጋግማ ታጥባ ተቀመጠችና ለመጀመሪያዋ አመልካች ደወለች። ሴትየዋ ድምጿ ደክሟል።

"እህቴ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሽታ የሚባል ነገር አልችልም። ሥራው ይሸታል እንዴ?"

ትርሲት ተነስታ ወደ ዶሮው ክፍል የሚወስደውን በር ዘጋችው።

"ኧረ ምንም አይሸትም፤ ነይ" አለቻት።