ሁለት ቀይ ቋጠሮ

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ስሟ በቤቱ ተነስቶ አያውቅም። ሁለቱ ልጆቹ ቁመታቸው እኩል ስለሆነ፣ ሸሚዛቸው እንዳይቀያየር በትልቁ ልጅ ኮሌታ ውስጥ አንድ፣ በትንሹ ልጅ ሁለት ቀይ ቋጠሮ የምትቋጥረው እሷ ነበረች። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ፣ «ይሄ ሁሉ መቀስ ባለበት ቤት?» እያለ ይነጫነጭባት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ትናንት የገዛላቸውን አዲስ ሸሚዞች፣ የታሸጉበትን ላስቲክ ቀድዶ አወጣ።

«የቱ ነው የኔ፣ አባዬ?» አለ ትልቁ።

«ሁለቱም ያው ናቸው። ደስ ያለህን ልበስ፣ ረፍዷል።»

ትንሹ ግን የአንደኛውን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ይሄ የኔ ነው» ብሎ ይለብስ ጀመር።

አባት እጁን ያዘው። ኮሌታው ውስጥ ሁለት ቀይ ቋጠሮ አለ። የተበጠሰውን የክር ጫፍ በጣቱ ነካው።

ምራቁ ገና አልደረቀም።