ያልተመለሰ ጥለት

ሞጣ፣ እማማ ይርጋነሽ ቤት፣ ጎረቤቱ ስለ ተከታታይ ድራማው ሁለተኛ ክፍል ሲከራከር እሳቸውን አስተያየት የጠየቀ አልነበረም። ፊደል አልቆጠሩማ!

“ውሸት ነው!” አሉ ሳይጠየቁ። “አገር ሁሉ እያወቀ እናት የልጇን ሞት ሳትሰማ ትከርማለች? ጅል ናት?”

“ድራማው የተወሰደበት ልብ ወለድም ላይ እንዲሁ ነው እምዬ፤ እርስዎ አላነበቡትም እንጂ” አለች ልጃቸው ጸደንያ። ወንድሟ ስጦታው ከሚኖርበት ከቢቸና ገና መመለሷ ነበር።

ድራማው ላይ መርዶ ነጋሪዎች ጎህ ሲቀድ የእናትየዋን በር አንኳኩ። ጸደንያ ተስፈንጥራ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ጎረቤቶቹ አቀረቀሩ። እማማ ይርጋነሽ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። የነጠላዋ ጥለት እንደ ለቅሶተኛ ወደ ላይ ተገልብጦ አንገቷ ላይ ነበር፤ መልሳ ማዞሩን ዘንግታዋለች።

“ይኸንን ግን አነበብሁት” አሉ። “ጎህ እስኪቀድ አልጠብቅም። ልጄን የት ቀበራችሁት? ተናገሪ!”