ቢጫዎቹ ማስመጫዎች

ካፒቴኑ ባልዲውን ባንኮኒው ላይ ይገለብጠዋል። ቢጫ የእርሳስ ዓሦች እየተንኳኩ ይዘረገፋሉ፤ አንዱ ተንከባሎ እህቴ እግር ሥር ይወድቃል። ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተላልጧል።

«ይኸው! በወጉ እንኳ ሳልሠራበት ይህን መሰለ። ለራቁት እርሳስ ነው እንዴ ያን ሁሉ ብር የምከፍለው?»

የሚጮኸው ስለ ማስመጫ ነው፤ ጀልባ ስትሄድ ከኋላ የሚጎተተውን መንጠቆ ወደ ጥልቁ ይዞት ስለሚወርደው እርሳስ። በዚህ ወደብ የዓሣ ቅርጽ ያለው ቢጫ ማስመጫ የምንሠራው እኔና ታላቅ እህቴ ብቻ ነን። ነበርን ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ባለሱቁ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ያዘነ ሰው ይመስል አንገቱን ይነቀንቃል። የሠራነውን ሁሉ የሚረከበን እሱ ነው፤ ሌላ ገዢ የለንም። «እትዬ፣ እንግዲህ በጆሮሽ ሰማሽ። ሌላ ሰው በግማሽ ዋጋ አቀርባለሁ እያለኝ ነው። ወይ አንቺም በዚያው ትሰጪኛለሽ፣ ወይ ዛሬውኑ እንለያያለን።»

በግማሽ ዋጋ ከሸጥን ትርፉ ቀርቶ የእርሳሱን መግዣ እንኳ አንመልስም። ምድጃችንን ሸጠን ሰው ቤት ልንቀጠር ነው ማለት ነው። እህቴ ግን ጎንበስ ብላ የወደቀውን ዓሣ ታነሳለች።

አገላብጣ ስታየው እኔም በትከሻዋ በኩል አያለሁ። አንደኛው ዓይኑ ከሌላው ዝቅ ብሏል። ይሄ የእህቴ ጉድ ነው። ዓይን ስትስል አንዱ ሁልጊዜ ያመልጣታል፤ ብነግራት፣ ብነዘንዛት አልተመለሰችም። እንግዲያው ዓሣው የኛው ነው!

«እትዬ፣ ዓይኑ...» እላታለሁ በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ» ትላለች። «ግን የኛ አይደለም። ሌቦቹ ሥራዬን አስመስለው ሲሠሩ ጥፋቴን እንኳ አልተዉልኝም።»

ካፒቴኑ ያላግጣል። «ዕቃው የተበላሸበት ሁሉ የኔ አይደለም ነው የሚለው።»

«ልክ ነዎት ካፒቴን፣ በአፍ አይሆንም» ትለውና ወደ ባለሱቁ ትዞራለች። «መዶሻ አምጣ።»

ዓሣውን ሲሚንቶው ላይ አጋድማ አንድ ጊዜ ታሳርፍበታለች። ቢጫው ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ፍርክስክስ ብሎ ይበተናል። ከዚያ ዛሬ ይዘነው የመጣነውን ሳጥን ትከፍትና መዶሻውን ለካፒቴኑ ትሰጠዋለች። «ከዚህ ደግሞ እርስዎ ይምረጡ። የሚመቱትም እርስዎ ነዎት።»

ካፒቴኑ ተጠራጣሪ ነው። ከላይ ያሉትን ትቶ እጁን እስከ ክርኑ ይሰድና ከሳጥኑ ሥር አንዱን ይመዝዛል። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቤት ውስጥ የምንጣላው በዚሁ ነው። እርሳሱን አግለን የቀለም ዱቄቱ ውስጥ ከነከርነው በኋላ፣ እህቴ መልሳ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች፤ ዱቄቱ ቀልጦ ሙጭጭ እስኪል አታወጣውም። «መብራት ጨረስሽ፣ ያበደ ሂሳብ ሊመጣብን ነው!» እያልኩ ስጮህባት እኖራለሁ። አሁን ግን በልቤ፣ ምነው ይሄን ሳጥን በሠራንበትም ቀን አልሰማችኝ በሆነ እላለሁ።

መዶሻው ያርፋል። ደግሞ ያርፋል። ካፒቴኑ ንዴቱን ሁሉ እርሳሱ ላይ ይወጣበታል።

ዓይኔን ስገልጥ ዓሣው የለም። በቦታው የተጠፈጠፈ ነገር ተጋድሟል፤ ጭራው የት እንደነበር እንኳ አይለይም። ግን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። ካፒቴኑ ያነሳውና በጥፍሩ ይፍቀዋል። በኪሱ ቢላ ይሞክረዋል። በመጨረሻ፣ ሳያፍር፣ በጥርሱ!

«አይለቅም» ይላል ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞሮ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «እነዚያን ከየት ነው ያመጣሃቸው?»

«አንድ ሰውዬ... በፒካፕ ጭኖ እየመጣ... ከነሱው ነው ብሎኝ...»

«በግማሽ ዋጋ ገዝተህ ለኔ በሙሉ ዋጋ!»

ጠብ ለማየት በሩ ላይ የተሰበሰቡት ጀልባ ነጂዎች ማጉረምረም ይጀምራሉ። ለካ እነሱም ቤት የተላላጠ ዓሣ ሞልቷል። የባለሱቁ ፊት ልብስ አጥቦ ያለቀ ሳሙና ይመስላል። «እትዬ፣ በቃ ይቅር፤ በድሮው ዋጋ እረከብሻለሁ።»

«የድሮው ዋጋ እኮ ጠዋት ነበር» ትላለች እህቴ።

ካፒቴኑ አሁን የእውነት ይስቃል። «ምን በወጣን ከሱ የምንገዛው? ከእጃችሁ እንወስዳለን» ብሎ ሳጥኑን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ጀልባ ነጂዎቹ ይከቡታል። ባዶ እስኪሆን ድረስ ዋጋ ቀንሱልን ያለ አንድ ሰው የለም። ደስታው አንገቴ ላይ ይደርሳል፤ መጮህ ያምረኛል።

ውጭ ጋሪያችን ቆሟል። እርሳስ ጭነንበት ወገባችን እስኪቆረጥ የምንገፋው ጋሪ ነው። እህቴ ግራና ቀኝ ታያለች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች፣ ትወጣበታለች።

«ግፊ!»

«እትዬ፣ ጤነኛ ነሽ? ሰው ያየናል!»

«ይየን!»

እገፋለሁ። ሳቅ ጉልበቴን ስለጨረሰው ጋሪው መንገዱን ይስታል። እሷ እግሯን ዘርግታ፣ ከየጀልባው ለሚያፏጩት ሁሉ እንደ ሙሽራ እጇን እያውለበለበች ወደቡን ታቋርጣለች።