ከገጽ አርባ አንድ ወደ ሃምሳ ስምንት

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ቀኑንም፣ ቁጥሩንም፣ ስሙንም ሳያዛንፍ ይስማ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተዛነፈ ጥፋተኛው ይለወጣልና።

በኢንዶኔዥያ፣ ሶሎ ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ላስትሪ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ተመራማሪዎች የሚሹትን የጥናት ጽሑፍ ከኮምፒዩተሩ መፈለጊያ ማውጣት ነው። ሥራውን ያስተማሯት ከጎኗ የሚቀመጡት አዛውንቱ ፓክ ሐርጆ ናቸው፤ «ፓክ» ማለት «አባባ» ነው። የድሮዎቹን መጽሔቶች አንድ በአንድ ወደ መፈለጊያው ያስገቡትም እርሳቸው ናቸው። ሐርጆ የተባሉት እንደ አገሩ ወግ በሠርጋቸው ዕለት ሲሆን፣ ስሙን ያወጡላቸው አማቾቻቸው ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ የሽኝቱ ግብዣና የምስጋናው ወረቀት ተሰናድቷል።

የዒድ በዓል ካለፈ በስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ አንዲት ተማሪ መጥታ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ማዱራ ጨው ሠሪዎች የታተመ ጽሑፍ ጠየቀች። ላስትሪ በርእሱ ፈለገች፤ የለም። በጭብጡ ፈለገች፤ የለም።

«ፓክ፣ የጨው ሠሪዎቹን ጽሑፍ ያውቁታል?»

ፓክ ሐርጆ ቀና እንኳ አላሉም። «የለም፣ ልጄ። የሌለን ነገር ደግሞ ጨው ቢነሰንሱበት አይጣፍጥም።»

ላስትሪ ሳቀች። ይሁን እንጂ «በርእስ ያጣሽውን በመጽሔቱ ቁጥር ፈልጊ» ብለው ያስተማሯት እርሳቸው ነበሩና በመጽሔቱ ቁጥር ገባች። አንዱ ጽሑፍ ገጽ አርባ አንድ ላይ ያልቃል፤ ቀጣዩ ሃምሳ ስምንት ላይ ይጀምራል። ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ የታተመውን መጽሔት አወጣች። የጎደለው ጽሑፍ እዚያ ነበረ። ጸሐፊው ቱሚጃን ይባላል።

እንደ ቆመች የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ዐረፍተ ነገሮቹን ታውቃቸዋለች። ስማቸው በአገር የናኘው ፕሮፌሰር ኩስናዲ፣ በሚመጣው ወር አዲሱ አዳራሽ በስማቸው ሊጠራላቸው የታሰበው፣ በመጽሐፋቸው ያሰፈሩት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። መጽሐፉ የወጣው ከመጽሔቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው።

ተመልሳ ማን ምን እንዳስገባና እንደ ሰረዘ የሚያሳየውን የመዝገቡን ታሪክ ከፈተች። ጽሑፉ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንድ ጊዜ ገብቷል፤ ሁልጊዜም ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት። በማግሥቱም ይሰረዛል። ማስገባት ለመምህራንም የተፈቀደ ነውና፣ ያስገባው ሰው የመለያ ቁጥሩ ብቻ ነው የሰፈረው፤ የሰረዘው ግን ስሙ በግልጽ ተጽፏል፦ ሐርጆ።

ያን ጊዜ በየዓመቱ ከፕሮፌሰሩ ቤት በሾፌር የሚላከው የበዓል ቅርጫት ታወሳት። ፓክ ሐርጆ ሪባኑን ሳይፈቱ ለጥበቃዎቹ ይሰጡታል። እስከዚያ ቀን ለደግነት ቆጥራው ነበር። አሁን ግን «ለካ ጉቦ መሆኑ እንዳይታወቅባቸው ፈርተው ነው» አለች በልቧ።

«ፓክ፣ የሰረዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ዐሥራ አንድ ጊዜ?»

«ቆጠርሽው እንዴ? ጎበዝ። እኔስ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።»

«አይቀልዱ፣ ፓክ! ይሄ ቱሚጃን የሚባለው ሰውዬ ልጆች ቢኖሩትስ? የአባታቸውን ልፋት ሌላ ሰው ሲበላው እንዲህ ዝም ይባላል?»

«ልጆቹ ደኅና ናቸው።»

«ያውቋቸዋል ማለት ነው!»

አዛውንቱ የኮምፒዩተሩን መክተቢያ በእጃቸው አስተካከሉ። «ልትጽፊ ነው አይደል? ጻፊ። ያስተማርኩሽ እንድትደብቂ አይደለም። ቀኑን ብቻ እንዳትስቺ።»

ላስትሪ በአክብሮት «ቡ»፣ «እማማ» ለሚባሉት ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለቡ ሙርቲኒ ደብዳቤ ጻፈች። የዚያን ዕለት ምሳዋን፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ፣ ፈትታ መልሳ ጠቀለለችው። በዒድ ዕለት ታናሽ ለታላቁ እንደሚያደርገው በፓክ ሐርጆ ፊት ተንበርክካ «አውቄም ሳላውቅም የበደልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» ብላ ነበር። እርሳቸውም ቃሏን ሳትጨርስ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው «ይቅር ብያለሁ» አሏት። በዚያ ቀን ይቅርታ የሚነፍግ ሰው በአገሩ ተሰምቶ አይታወቅም። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መክሰሷ እንደ እሾህ ወጋት። ደብዳቤውን ላስመልሰው ብላ ተነሣች፤ ነገር ግን ደርሷል።

ሐሙስ ጠዋት ቡ ሙርቲኒ ቢሮ ተጠራች። ፓክ ሐርጆ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ዘንግ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ግብዣው ቀርቷል» አሉ ቡ ሙርቲኒ። «ፓክ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያገለገሉበትን ቤት እንዲህ ያዋርዱታል? ምነው?»

ላስትሪ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። አስተማሪዋን በገዛ እጇ እንደ ቀበረች ተሰማት።

ያን ጊዜ ፕሮፌሰር ኩስናዲ ገቡ። ቡ ሙርቲኒ ጠርተዋቸው ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ» አሉ ወደ ላስትሪ ዞረው፣ «ቀኑም ልክ ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ሰዎቹን ብቻ አልለየሻቸውም። ቱሚጃን ማለት እሱ ነው፤ ከማግባቱ በፊት ይጠራበት የነበረ ስሙ ነው። የወሰድኩበትን ጽሑፍ በስሙ ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ዐሥራ አንዱንም ጊዜ።»

ቡ ሙርቲኒ ከወንበራቸው ተነሡ። «ታዲያ ፓክ ሐርጆ፣ የገዛ ጽሑፍዎን ምን ሆነው ነው የሚሰርዙት?»

ፕሮፌሰሩ ሁለት እጃቸውን ወደ አዛውንቱ ዘረጉ። የአዛውንቱ እጆች ከኋላቸው አልተፈቱም።

ፓክ ሐርጆ በየዓመቱ፣ ዘንድሮም ጭምር፣ ጽሑፉን እየሰረዙ አልቀበልም ያሉት የፕሮፌሰሩን የዒድ ይቅርታ ልመና ነበር።