የከረመ ቤንዚን

የአቧራ ነፋስ የጣለው ዛፍ ሙባረክ አል-ከቢር ሰፈር ያለውን የማዳምን ግቢ በር ዘግቶታል። ሰዓት እላፊው ሊጀምር ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው። ኮሮና የያዛት የቤት ሠራተኛዋ ቆንጂት መኪናው ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ተቀምጣለች፤ አምቡላንስ ቢጠሩም «ወረፋ ጠብቁ» ተብለዋል። ሹፌሩ ከሊል የሞተር መጋዙን ገመድ ለአርባኛ ጊዜ ሳበው። አልነሳም።

«ቤንዚኑ ከርሞ ይሆናል፤ ድፋው» አለ ሹዌኽ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራው ተሾመ፣ በስልኩ ድምፅ ማጉያ።

«ደፋሁት አልኩህ እኮ። አዲስ ሞላሁበት።»

«እንግዲያው ቤንዚን አብዝተህ አጠጥተኸዋል። እሱንም ድፋና እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፍታ። ከዚያ ውስጡ እንዲደርቅ ባዶውን ደጋግመህ ሳበው። አትፍራ፣ ያለ ካንዴላ አይነሳም።»

«ከነካንዴላውስ መቼ ተነሳና።»

ከሊል እየተነጫነጨ ታንኩን አሸዋው ላይ ገለበጠ። ካንዴላውን ፈትቶ በግራ እጁ ጨበጠው፤ መጋዙን በእግሩ ረግጦ ገመዱን ሳበ።

መጋዙ በአንዴ ተነሳ። ሰንሰለቱ መዞር ጀመረ።

«ጎሽ» አለ ተሾመ ድምፁን ሰምቶ። «ካንዴላውን መለስከው ማለት ነው።»

ከሊል ግራ እጁን ከፈተ። ካንዴላው መዳፉ ላይ ነበር።

«ምን ቆምክ ወንድሜ?» አለች ቆንጂት ከመኪናው መስኮት። «ቁረጥ እንጂ።»