ቢጫ ሹራብ የለበሱ ልጆች

አቶ ጎበና እሑድን የሚያሳልፉት አዳማ፣ ወደ አሰላ መውጫ ባለው የመዝናኛ ፓርክ ነው። አቧራ ቢነሳ፣ ዝናብ ቢጥል አይቀሩም። ወንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት የአገዳ መጭመቂያ መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሳምንቱን የሚገፋላቸው ይኼ ብቻ ነው። እሑድ ከቀረባቸው ሰኞ ያማቸዋል።

ታዲያ ስለ ፓርክ የማይሉት የለም። የሐዋሳውንም የቢሾፍቱውንም አይተዋል። ፓርክ የሚለካው በጨዋታው ሳይሆን በሰልፉ ነው ባይ ናቸው፤ ሰልፉ ጥላ ከሌለው ባለቤቱ ልጅ ወልዶ አያውቅም ማለት ነው። ክብ እየሠሩ ለሚዞሩት የፕላስቲክ ፈረሶች ከልባቸው ያዝናሉ። «የጋሪ ፈረስ እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ሣር ያገኛል» ይላሉ። የጅብ ዋሻ በሚባለው ውስጥ ያለው ጅብ አንድ ዓይኑ አምፖሉ ተቃጥሎበታል፤ ልጆች እሱን መፍራት ትተው «ምስኪን!» እያሉት ያልፋሉ። ከሚጋጩት መኪኖች ደግሞ የሰባት ቁጥሯ መሪ ወደ ግራ ይጎትታል። ይህን የሚያውቁት አቶ ጎበናና ሰባት ቁጥር ብቻ ናቸው።

ከሁሉ አብልጠው የሚያደንቁት ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ነው፦ «ልጅ ያልያዘ አዋቂ መግባት አይችልም።» ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፍቅረኛሞች አግዳሚውን ሁሉ ለቀጠሮ ይዘውት ቤተሰብ መቀመጫ ሲያጣ ባለቤቱ ያወጣው ሕግ ነው። ሲያጭበረብር የተያዘ ዳግመኛ በዚያ በር አያልፍም።

«ትክክል ነው» ይላሉ አቶ ጎበና። «ፓርክ የልጆች ነው።»

ያን እሑድ ከሱሃይላ ጋር መጡ። ሱሃይላ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስሙ ዲዳ የሆነው ዘበኛ የአቶ ጎበናን የገለባ ኮፍያ ገና ከሩቅ ሲያይ ገመዱን አነሳ።

«አካም አባባ! ዛሬም?»

«ዛሬም! ያን ጎማ ግሪስ ቀባችሁት ወይስ አሁንም ያቃስታል?»

ጎማ ያሉት ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚያወጣውን ትልቁን መዘውር ነው። ሄደው ተሳፈሩበት። ሱሃይላ ከፍታ ስለማትወድ ኮፍያቸውን ይዛ ከሥር ቆመች። ጎማው አሁንም ያቃስታል።

ከላይ ሆነው ባጃጆቹን ቁልቁል ሲያዩ ነው ቢጫው ሹራብ ዓይናቸው የገባው።

እሑድ እሑድ የሚያዩዋት ያቺ ሴት! ዛሬ የያዘችው ሹራቡን የለበሰ አንድ ቀጭን ልጅ ነው። ባለፈው እሑድ ግን ሹሩባ የተሠራች ልጅ ነበረች የያዘችው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ድንቡሽቡሽ ያለ። በየሳምንቱ ሌላ ልጅ፣ በየሳምንቱ ያው ቢጫ ሹራብ!

አቶ ጎበና የማሽን ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባቸው አያልፉም። ይኼ ደግሞ ወዲያው ገባቸው። ዘበኛ የሚያየው ሹራቡን ነው፤ ልጁን ማን ያያል? የሰው ልጅ እየሰረቀች ሹራቡን አልብሳ በበሩ ብታስወጣ ማን ያውቅባታል?

ወርደው ሲፈጥኑ ሱሃይላ ከኋላ ተከተለቻቸው።

«አባባ ጎበና፣ እማዬ ከመግሪብ በፊት ድረሱ ብላለች።»

«ቆይ እስቲ፣ ትልቅ ነገር ተገኝቷል።»

«ፖፕኮርን?»

ፖፕኮርኑን ገዝተውላት ሴትዮዋን ከፈረሶቹ ጀርባ ሆነው ተመለከቱ። ልጁ እያለቀሰ ነው። ሴትዮዋ ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ትስባለች።

«ና በቃ! ያንተ ተራ አልቋል!»

አቶ ጎበና ኮፍያቸውን ከሱሃይላ ተቀብለው ደፉ። ከበሩ ወጥታ ባጃጅ ውስጥ ከገባች ያ ልጅ አለቀለት። ቀድመው ዲዳ ጋ ደረሱ።

«ገመዱን እንዳታነሳ! ያቺ ሴት የልጅ ሌባ ናት።»

«ኧረ አባባ! ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«ሕግ ነው በላት! ሕጉን ለጌጥ ነው የለጠፋችሁት? አዋቂውን አይደለም፣ ልጁን ነው የምትጠይቀው። አዋቂ ይቀባጥራል።»

ሴትዮዋ ደረሰች። ዲዳ እያፈረ ጎንበስ አለ።

«ማሙሽ፣ ይቺ ምንህ ናት?»

«እናቴ።»

«አስጠንታው ነው!» አሉ አቶ ጎበና። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። «ያለፈው ሳምንቷስ ልጅ? ያ ድንቡሽቡሹስ?»

ሴትዮዋ፣ ፋዲላ ነው ስሟ፣ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ በሳቅ ፈነዳች። ስልኳን አውጥታ ለዲዳ አሳየችው። ስድስት ልጆች በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ ስድስቱም የእናታቸውን ሰፊ ግንባር ይዘዋል፤ አንደኛው ቢጫ ሹራብ ለብሷል።

«ስድስቱንም ባንዴ ማምጣት አልችል፤ በየተራ ነው። ሹራቡም የክት ነው፣ ያለን አንድ ብቻ። ተራ የደረሰው ይለብሰዋል። በሽበትዎ እንዲህ ያለ ነገር ያስባሉ አባባ?»

«መጠንቀቅ አይከፋም ብዬ ነው እንጂ…» አሉ አቶ ጎበና።

«እኔ ተጠየቅኩ፤ እሳቸውስ? ሕጉ የወጣው ለኔ ብቻ ነው?»

«እውነቷን ነው!» አለ ከሰዉ መሀል አንዱ። ሳቅ ሆነ። ዲዳም እየሳቀ፣ ለወጉ ያህል፣ ወደ ሱሃይላ ዞረ።

«አንቺስ እሙዬ፣ አባባ ምንሽ ናቸው?»

«መግሪብ ደርሷል፣ እንሂድ» አሉ አቶ ጎበና ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ የዛሬ ተረኛ ነኝ» አለች ሱሃይላ ፖፕኮርኗን እያላመጠች፤ «ባለፈው እሑድ ከጎረቤት የተዋሱት ካሚልን ነበር፣ የሚቀጥለው ደግሞ የኑሰይባ ነው።»